ከጅማ በአውሮፕላን ከጨቅላ ጋር፦ ከቲኬት እስከ ሆቴል አልጋ

ከጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ቦሌ ለማረፍ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። 350 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ጨቅላ ታቅፎ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ አራት ወር እንደሞላት ለእህቴ ሰርግ ስንሄድ የተዘጋጀሁት ለዚያች አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ጠዋት ጉም ወረደ፣ በረራው ዘገየ፣ ዳይፐሩም ቅያሪ ልብሱም በጭነት ሻንጣው ገብቶ ከእጄ ወጥቷል። ልጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ የረጠበ ልብሷን በፌስታል ቋጥሬ እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። እሷ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት ማልቀስ ቃጥቶኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሁለት ልጆቼ ጋር ደጋግሜ ተመላልሻለሁ። በረራው ቀላሉ ክፍል ነው። ሕፃንንና ወላጅን የሚያደክመው ከበረራው በፊትና በኋላ ያለው ጥበቃና ፍተሻ፣ ከዚያም በማያውቁት አልጋ ማደሩ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውም በአብዛኛው ስለ እነዚህ ነው።

1. ቀኑን ለሕፃኑ ሲሉ ይምረጡ

በጊዜው የተወለደ ጤናማ ሕፃን አንድ ሳምንት ከሞላው በኋላ መብረር እንደሚችል በሕክምናው ዘንድ በሰፊው ተቀባይነት አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ግን አይመከሩም። ይቻላል ማለት ግን ይሁን ማለት አይደለም። አራስን ቤት ማቆየት የእናቶቻችን ደግ ልማድ ነው፤ የሚያስገድድ ጉዳይ ከሌለ ጡት መጥባቱ እስኪደላደልና የእናቲቱ አካል እስኪጠገን ይጠብቁ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም የልብና የሳንባ ሕመም ያለበት ሕፃን ከሆነ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ሐኪሙን ያማክሩ።

የክትባት ካርዱንም ይመልከቱ። በአገራችን ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛው ወር ይከተባሉ። ከክትባት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ማተኮስና መነጫነጭ የተለመደ ስለሆነ፣ በክትባቱ ማግስት ከመጓዝ ሦስት ቀን ያህል ማሳለፍ ይሻላል። አፍንጫው በጉንፋን ከተዘጋም ቀኑን መግፋት ከተቻለ ይግፉት፤ ምክንያቱን ስለ ጆሮ ስናወራ እመለስበታለሁ።

2. ቲኬትና ወረቀት

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በወላጁ ጭን ላይ ተቀምጦ መጓዝ ይችላል፤ የሚከፈልለትም በአብዛኛው ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ያህል ነው። ቲኬት ግን ያስፈልገዋል። «ታቅፌው ለምሄደው ልጅ ምን ቲኬት ያሻዋል?» ብለው ሳያስመዘግቡ ሄደው በር ላይ የተንገላቱ እናቶች አይቻለሁ። አንድ አዋቂ መታቀፍ የሚችለው አንድ ሕፃን ብቻ ነው፤ መንታ ይዞ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ለአንደኛው መቀመጫ መግዛት አለበት። ልጁ በጉዞው መካከል ሁለት ዓመት የሚሞላው ከሆነ ደግሞ ለመመለሻው መቀመጫ እንደሚያስፈልገው አስቀድመው ይወቁ።

ለአገር ውስጥ በረራ የእርስዎን መታወቂያና የሕፃኑን ዕድሜ የሚያሳይ ወረቀት ይያዙ፤ የልደት ምስክር ወረቀት ከሁሉም ይሻላል። በሕጉ መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ ጉዞው ባይኖርም እንኳ ይህን ቀድመው ይጨርሱት። ወደ ውጭ አገር ከሆነ ሕፃኑ ገና ጥርስ ባያበቅልም የራሱ ፓስፖርትና እንደ አገሩ የራሱ ቪዛ ያሻዋል። ከወላጆቹ አንዱ ብቻ የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ የሌላውን የጽሑፍ ስምምነት ሊጠየቅ ይችላል።

በረጅም በረራ ላይ ከግድግዳ ጋር የሚገጠም የሕፃን አልጋ ስለሚኖር ቲኬቱን ሲቆርጡ ይጠይቁ፤ የክብደት ገደብ አለው፣ ቁጥሩም ውስን ነው። ወደ ጅማ በሚመላለሱት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ግን ይህን አይጠብቁ። በእነርሱ ውስጥ መቀመጫው ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ነው። ከፕሮፔለሩ ትይዩ ያሉት ረድፎች ድምፅ ስለሚበዛባቸው ከዚያ ፈቀቅ ያለ ቦታ ይጠይቁ። የአደጋ ጊዜ መውጫ ያለበት ረድፍ ሕፃን ለያዘ ሰው አይፈቀድም።

3. የእጅ ቦርሳው

የቀረው ሻንጣ እንዳሻዎ ይሁን፤ ይህ ቦርሳ ግን ከትከሻዎ አይውረድ። የጉዞውን ርዝመት ከቤት ወጥተው ሆቴል እስኪገቡ ድረስ ይቁጠሩት፤ ለጅማና ለአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ይያዙ። በዚያ ላይ ለመዘግየት ሌላ ስድስት ሰዓት ይጨምሩ። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ዳይፐር ቢባል ስድስት፣ በዚያ ላይ ሁለት መጠባበቂያ። ሁለት ሙሉ ቅያሪ ልብስ ለሕፃኑ፣ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ ለእርስዎ። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳል፤ ሕፃኑ ካስመለሰ ግን መጀመሪያ የሚረጥበው የወላጁ ደረት ነው። እርጥብ ሶፍት፣ የቆሸሸ ልብስ የሚገባበት ፌስታል፣ ዳይፐር ሲቀይሩ የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካለ እሱ፣ የክትባት ካርዱ። ነጠላም አይቅር፤ ብርድ ልብስ ይሆናል፣ ሲያጠቡ መከለያ ይሆናል፣ ፀሐይም ይጋርዳል።

ጡት ብቻ ለሚጠባ ሕፃን ሌላ ስንቅ አያስፈልግም። ስድስት ወር ላልሞላው «ውኃ ይጠማዋል» ብለው ውኃ አይስጡት፤ ይልቅ እናቲቱ በደንብ ትጠጣ። የታለበ የእናት ጡት ወተት በክፍል ሙቀት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። የዱቄት ወተት ለሚጠጣ ሕፃን ዱቄቱን በየጡጦው መጠን ከፍለው በደረቅ ዕቃ፣ የፈላውን ውኃ ደግሞ በፔርሙስ ለየብቻ ይያዙ፤ ወተቱ የሚበጠበጠው ሕፃኑ ሲርበው ነው። ተበጥብጦ ሁለት ሰዓት ያለፈው ወተት ይደፋ፤ ዋጋው ቢያሳዝንም ይደፋ። ለሕፃን የሚሆን ወተትና ውኃ ለሌላው ፈሳሽ በተወሰነው የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ብዙውን ጊዜ አይያዝም፤ ሆኖም ቦርሳው ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት አውጥተው ለፈታሹ ያሳዩ።

ስለ ማር አንድ ነገር ልበል። ከጅማ የሚሄድ ሰው ያለ ማርና ያለ ቡና ዘመድ ቤት አይገባም፤ ደግ ነው። ማሩ በደንብ ታሽጎ በጭነት ሻንጣ ይግባ። ለሕፃኑ ግን አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በጣት ጫፍ እንኳ አይቅመስ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ተህዋሲ ለአዋቂ ምንም ሳይሆን የጨቅላን ሰውነት ያዝላል፤ ትንፋሽም እስከ ማሳጠር ይደርሳል። አያት «ለምላሱ» ብላ ስታነሳ እጇን መያዝ ያስቸግራል፤ ቢሆንም ይያዙ።

4. ከቤት እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ

ሕፃኑን በአንቀልባ ወይም በጨርቅ ማዘያ ከፊት ለፊትዎ ይያዙት። ምክንያቱም ወደ ትንሹ አውሮፕላን የሚገባው ሜዳውን በእግር አቋርጦ፣ ጠባቡን ደረጃ ወጥቶ ነው፤ በአንድ እጅ ቦርሳ፣ በአንድ እጅ መደገፊያውን መያዝ ያስፈልጋል። የሕፃን ጋሪ ካለዎት ተጣጥፎ በጭነት ይሄዳል። በጅማ ዝናቡ ከበልግ እስከ ክረምት ማብቂያ ድረስ ስለሚዘልቅ፣ ያችን ሜዳ ለማቋረጥ ብቻ ኮፍያና ቀላል የዝናብ ልብስ ይያዙ።

በፍተሻው ላይ ጫማ ማውለቅ ይመጣል፤ ማዘያውን እንዲፈቱም ሊጠየቁ ይችላሉ። ስለዚህ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያድርጉ፤ ሕፃኑን ለጊዜው የሚቀበልዎ ሰው ካለ አጠገብዎ ይሁን። ከሌለ ፈታሿን «እህቴ፣ አንድ ጊዜ ያዥልኝ» ማለት አያሳፍርም። እኔ ይህን ጠይቄ እምቢ ያለችኝ ሴት የለችም።

ወደ መሳፈሪያው ከመጠራትዎ ጥቂት ቀደም ብለው ዳይፐር ይቀይሩ። በትንሹ አውሮፕላን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሕፃን አስተኝቶ መቀየር እጅግ ጠባብ ሥራ ነው።

5. በአውሮፕላኑ ውስጥ

ሲነሳና ሲያርፍ ሕፃኑ ከማዘያው ይወጣል። አስተናጋጇ ከእርስዎ ቀበቶ ጋር የምትያያዝ ትንሽ የሕፃን ቀበቶ ትሰጥዎታለች፤ ካልሰጠችዎ ይጠይቁ። የእርስዎን ቀበቶ በሁለታችሁ ላይ አንድ ላይ በፍጹም አይሰሩት፤ ድንገተኛ ፍሬን ቢኖር የእርስዎ ክብደት ሕፃኑን ይጨፈልቀዋል።

አሁን ወደ ጆሮ ልመለስ። ብዙ ወላጅ አውሮፕላኑ ገና ሲንደረደር ጡት ወይም ጡጦ ያጎርሳል፤ ሕፃኑ ጠግቦ ይተኛና ማጥባቱ በሚያስፈልግበት ሰዓት አፉን አይከፍትም። ጆሮ የሚያመው ሲወጣ ሳይሆን በአብዛኛው ሲወርድ ነው። ሲወርድ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል፤ መካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጀርባ ጋር የምታገናኘው ቀጭን ቱቦ ካልተከፈተች ግፊቱ የጆሮውን ታምቡር ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ቱቦዋን የሚከፍታት መዋጥ ነው። አዋቂ ምራቁን ይውጣል፣ ያዛጋል፤ ጨቅላ ግን የሚያውቀው ማልቀስና መጥባት ነው። ጉንፋን ይህችን ቱቦ ስለሚዘጋት ነው ቀድሜ ቀኑን ይግፉ ያልኩት።

ጅማን በዚህ ዓይን ይመልከቱት። የጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የሚያርፉት ከተነሱበት ከፍ ባለ ቦታ ላይ ስለሆነ ጆሮው ብዙም አይጨነቅም። የሚፈተነው ወደ ጅማ ሲመለሱ ነው፤ ከዚያም በላይ ከቦሌ ተነስተው ባሕር ጠርዝ ላይ ወዳሉት ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጅዳ ሲወርዱ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በከፍታ ሲበሩ የውስጣቸው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ላይ ካለው ጋር እንዲመሳሰል ይደረጋል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ብዙ አይርቅም። ወደ ባሕር ጠርዝ ሲወርዱ ግን የሁለት ሺህ ሜትር ልዩነት በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ በዚያች ትንሽ ጆሮ ላይ ያርፋል።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ከመነሳትዎ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ አጥግበው አያጥቡ፤ ለቅምሻ ያህል ይበቃል። የሞተሩ ድምፅ ሲለዝብና አውሮፕላኑ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ያቅርቡ፤ መሬት እስኪነካ ይቀጥሉ። ከተኛ እኔ አልቀሰቅስም፤ ፊቱን አጨማዶ መቁነጥነጥ ሲጀምር ወዲያው ጡት እሰጣለሁ። ካለቀሰም ማልቀሱ ራሱ ቱቦዋን ስለሚከፍት ጉዳት የለውም። እንቅልፍ እንዲወስደው ብለው የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ የሚሰጡ ሰዎች አሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ፤ የጨቅላን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል።

የተሳፋሪውስ ፊት? ብዙ እናት ከሕፃኑ ልቅሶ ይልቅ የሚያስጨንቃት እሱ ነው። የእኛ ሰው ግን «አይዞሽ፣ ልጅ ነው» ብሎ እጁን የሚዘረጋ ነው። ቢዘረጋ ይቀበሉት።

6. ሆቴሉን በስልክ ይፈትኑት

«የሕፃን አልጋ አለን» ተብዬ የተያዘልኝ አንድ ሆቴል ማታ ስደርስ አልጋው አልነበረውም። ያመጡልኝ ሁለት ወንበር አጋጥመው ትራስ የደረደሩበት ነገር ነበር። ሐሳባቸው ደግ ነበር፤ ለሕፃን ግን አደገኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ ስደውል የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ተለይተው የታወቁ ናቸው።

የሕፃኑ አልጋ ዛሬ በእጃችሁ አለ? ፎቶውን በስልክ ትልኩልኛላችሁ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስከ ክፍሉ ይደርሳል? ሊፍቱንስ ያንቀሳቅሳል? ካልሆነ ከአንደኛ ፎቅ በላይ አልቀበልም። ሌሊት ሙዚቃ ያለበት ቤት በታች ወይም በጎን አለ? ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቦታስ ከክፍሉ ምን ያህል ይርቃል? የቡና ሥነ ሥርዓቱ ለእኛ ደስታ ነው፤ የሦስት ወር ሳንባ ግን ጭስ አይችልም። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍልም እጠይቃለሁ፤ ልጆቻችንን ጠዋት ፀሐይ የምናሞቅ ሰዎች ነንና፣ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ለዚያ በየቀኑ ደረጃ መውረድ ይቀራል። በመስታወቱ ውስጥ ያለፈው ጨረር ግን ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ስለማይጠቅም መስኮቱን ከፍተው፣ ከነፋሱ ከልለው ያሙቁት።

7. ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ የሚደረገው

ሻንጣ ከመፍታትዎ በፊት የሕፃኑን መኝታ ያሰናዱ። ጨቅላ የሚተኛው በጀርባው፣ ጠፍጣፋና ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ለብቻው ነው። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት ከአጠገቡ ይነሱ። የሆቴል ትልቅ አልጋ ለስላሳና የትራስ ክምር ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ የማይመች እሱ ነው፤ ደክሟቸው በመሐል አስተኝተውት እንቅልፍ የሚወስዳቸው ወላጆችም ብዙ ናቸው። አልጋ ከጠፋ ስስና ጠንካራ ፍራሽ አስመጥተው ወለል ላይ፣ ከግድግዳና ከመጋረጃ ገመድ አርቀው ያንጥፉ። እኔ ያን ሌሊት ያደረግሁት ይህን ነው፤ አንሶላውን ከፍራሹ ሥር አጥብቄ ወትፌ አጠገቧ ወለል ላይ ተኛሁ።

የጅማ ሕፃን ለአዲስ አበባ ሌሊት እንግዳ ነው። ብርድ ልብስ ከመደራረብ ልብስ ይደርቡለት፤ አንገቱን ከኋላ ዳሰው ካላበውና ካልቀዘቀዘው በቂ ነው። በምንም ምክንያት የከሰል ምድጃ ወደ ተዘጋ ክፍል አይግባ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ለወተት የታሸገ ውኃም ቢሆን ይፍላ፤ ታሽጓል ማለት ከጀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ውኃ ከከፍታው የተነሳ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለዱቄት ወተት የሚፈለገው ከ70 ዲግሪ ያላነሰ ስለሆነ ያ ይበቃል። ፈልቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይበጥብጡትና ጡጦውን በቀዝቃዛ ውኃ አብርደው፣ በእጅ አንጓዎ ላይ ጠብ አድርገው ይሞክሩት።

ለማጠብ ከሆቴሉ ንጹሕ ሳፋ ይጠይቁ። ቀዝቃዛው ውኃ ይቅደም፣ ሙቁ በላዩ ይጨመር፤ የሆቴል ቦይለር አንዳንዴ ድንገት የሚያቃጥል ውኃ ይለቃልና ሕፃን ከቧንቧ ሥር አይያዝም። ጉዞው አጭር ከሆነ በእርጥብ ፎጣ መጥረግ ይበቃል።

8. ዘመድ ሲመጣ

ሕፃን ይዞ አዲስ አበባ የገባ ሰው ሆቴል ቢያርፍም ዘመድ አይቀርለትም። እጅ መታጠብ ይቅደም፤ ጉንፋን ያለበት ከሩቅ ይባርክ፤ ፊትና እጅ አይሳም። ይህን መናገር ለልጅ እናት ይከብዳል፤ አማቷ ፊት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ተናጋሪው ባልየው ወይም አያቱ ይሁኑ፤ «ሐኪሙ ከልክሏል» ማለት ብቻውን ይበቃል፤ ሐኪም ሁሉ የሚለውም ይህንኑ ነው። እግሩን መሳም ለሚፈልግ አክስት ካልሲ ያለበት እግር ይቅረብ።

9. ወደ ጅማ ሲመለሱ

ቅድም ያልኩት የጆሮ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚሠራው፤ ጡቱን ለመውረጃው ያቆዩት። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቤት ባጃጅ ሳይሆን መኪና ይያዙ፤ ከኋላ ወንበር ይቀመጡ፤ ሕፃን ታቅፎ ከሾፌሩ ጎን መቀመጥ አይገባም።

ወደ ጅማ በእንግድነት የሚመጡም ሆኑ የሚመለሱ አንድ ነገር አይርሱ፦ ከ2,000 ሜትር በታች ነን፤ ወባ አለ። አዲስ አበባ ሆቴል ሳይጠየቅ የቀረው አጎበር እዚህ የግድ ነው። በጅማ ሆቴል ክፍል ሲይዙ አጎበር መኖሩን፣ ቀዳዳ አለመኖሩን፣ የሕፃኑንም መኝታ መሸፈኑን በዓይንዎ ይዩ፤ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይወተፍ። ከጉዞው በኋላ ሕፃኑ ካተኮሰ «የመንገድ ድካም ነው» ብለው አይጠብቁ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል፤ በዕድሜ ከፍ ያለውም ካተኮሰ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ይደረግለት። የክትባት ካርዱ በእጅ ቦርሳው ውስጥ አለ፤ ቦርሳውን ገና አይፍቱት።